ምርጡን አውራ ለበዓል አትሽጡት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ዳር ላይ ሆናችሁ፣ ከግቢ ወጥታ ጭራ የምትበላ፣ ብርዱን የምትችል፣ ከአበሻ ዶሮ ግን የተሻለ እንቁላል የምትጥል ዶሮ በራሳችሁ እጅ ማውጣት ለምትፈልጉ ነው። ይቻላል። አብዛኛውን ጀማሪ የሚያሰናክለው ማዳቀሉ ሳይሆን መምረጡ ነው።

በየመንደሩ የሚሆነውን ተመልከቱ። እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲደርስ ቀድሞ የሚሸጠው ከሁሉ የከበደው፣ ቀዩና አናቱ ድርብ የሆነው አውራ ነው። ገዢ ያጣው ቀጭን ቤት ይቀርና የሚቀጥለው መንጋ አባት ይሆናል። በዚህ መንገድ ከየበዓሉ በኋላ ዝርያው ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ወንዶቹን በ16 ሳምንታቸው አንድ በአንድ መዝኑ፤ ከባዶቹንና ጤናማዎቹን ለይታችሁ እግራቸው ላይ ቀለበት አድርጉ። ቀለበት ያለው፣ ገዢው የፈለገውን ያህል ቢሰጥ፣ አይሸጥም። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሆሮ የተባለውን የአገራችንን ነባር ዶሮ በምርጫ ማሻሻል ሲጀምር ከተከተላቸው መመዘኛዎች አንዱ ይኸው የ16 ሳምንት ክብደት፣ ሌላው የእንቁላል ብዛት ነበር።

መነሻችሁን በጥንቃቄ ምረጡ። አብዛኛው አካባቢያችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ በፍጥነት የሚያድገው የሥጋ ዶሮ ልቡና ሳንባው የሚፈልገውን አየር አላደርስ ብለው ሆዱ ውኃ ይቋጥርና ይሞታል። አንገተ መላጣዋም ለቆላ ትስማማለች እንጂ ለሱሉልታ ሌሊት አትሆንም፤ ላባዋ እንደ ውርሱ መጠን ከ20 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳልና። እኔ የምመክረው የአበሻ ዶሮና ኮኮክ የተባለውን ዝንጉርጉር የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ነው። የአበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 ገደማ እንቁላል ብትጥልም ጭልፊትን አይታ መሸሽ፣ ምግቧን ፈልጋ ማግኘትና ጫጩት ማሳደግ ታውቃለች። ኮኮክ የእንቁላሉን ቁጥር ይጨምርላችኋል። የምትገዙትን ሁሉ ከነባሩ መንጋ ጋር ሳትቀላቅሉ 21 ቀን ለብቻ አቆዩ።

የአበሻ አውራ ከኮኮክ እናቶች ጋር ስታገናኙ ሌላም ጥቅም ታገኛላችሁ። የኮኮክ እናት ዝንጉርጉርነቷን የምታወርሰው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ አባትየው ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ በተፈለፈሉበት ቀን ጥቁር ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ያላቸው ጫጩቶች ወንድ፣ የሌላቸው ሴት ናቸው። አባትየው ነጭ ወይም ራሱ ዝንጉርጉር ከሆነ ይህ አይሠራም። ኮኮኩን አባት ብታደርጉትም ልጆቹ በሙሉ ዝንጉርጉር ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ቅልቅል ትውልድ ያማረ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እነዚህን እርስ በርስ ስታራቡ ከመዳቀል የመጣው ብርታት ግማሹ ይጠፋል፣ ልጆቹም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ መልካቸውም የተለያየ ይሆናል። ይህን አይተው "ዝርያው ተበላሸ" ብለው የሚተዉ አሉ። አልተበላሸም። ለመምረጥ የሚያስፈልገው ልዩነት የወጣው ገና አሁን ነው። ከ100 ጫጩት 5 ወይም 6 ወንድና 20 ገደማ ቄብ አስቀርታችሁ ሌላውን ሽጡ። የቤተሰብ መቀራረብ ግን ይጠበቅ። 1 አውራ ከ20 ሴት ጋር ብቻ ከያዛችሁ የዝምድናው መጠን በየትውልዱ 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 6 አውራ ከ30 ሴት ጋር ሲሆን ወደ 2.5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ መንጋውን ለሦስት ቤት ክፈሉ፤ በእያንዳንዱ 10 ሴትና 2 አውራ ይሁን። ሴቶቹ ልጆች በእናታቸው ቤት ይቅሩ፤ የመጀመሪያው ቤት ወንዶች ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ይሂዱ። አውራ ስትቀይሩ የአሮጌው ዘር በሴቷ ሆድ ውስጥ እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ በእነዚህ ሳምንታት የተጣለውን እንቁላል ብሉት ወይም ሽጡት እንጂ አታስታቅፉት።

እናቶችንም በዓይን አትምረጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማታ ከቆጥ ላይ አንሷትና ከኋላዋ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ክፍተት በጣት ለኩ፤ ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፣ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። ለእያንዳንዷ በቀለበቷ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ቶሎ ቶሎ መታቀፍ የምትፈልገው እንቁላሏ ያነሰ ነው፤ ማስፈልፈያ ማሽን ከሌላችሁ ግን እንደዚህ ያሉ ጥቂት እናቶች ያስፈልጓችኋል። ለአንዷ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል። የሚታቀፈው ያልታጠበ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ከ7 ቀን ያልበለጠና ሾጣጣው ወደ ታች ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ይሁን።

ጊዜውንም አስሉት። በሁዳዴ እንቁላል ዋጋው ስለሚወርድ ከመሸጥ ይልቅ አስታቅፉት። በመጋቢት መጨረሻ የተፈለፈለ ጫጩት ክረምቱ ሲገባ ሦስት ወር ሞልቶታል፤ መስከረም ላይ ደግሞ ትርፍ ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ። ሐምሌ ላይ የተፈለፈለውን ግን ብርዱ፣ ከእርጥብ ጉዝጓዝ የሚነሣውም ደም ያለበት ተቅማጥ ይጨርሰዋል። ጫጩቶቹ እስከ 8 ሳምንት በቤት ይቆዩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ እየቀነሰ። ከዚያ በኋላ አውጧቸውና ጭረው ይብሉ፤ ማታ ለአንዷ ከ30 እስከ 50 ግራም እህል፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨምሩ። ሙሉ መኖ እየቀለባችሁ የምትመርጡ ከሆነ የምታገኙት መኖ የምትወድ ዶሮ ነው፤ ሜዳ ስትወጣ ትጠፋባችኋለች።

ጠንካራ ዝርያ ነው ብላችሁ ክትባት እንዳትተዉ አደራ። ፈንግል የመረጣችሁትንና ያልመረጣችሁትን አይለይም፤ የዓመታት ሥራ በአንድ ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ በአራተኛው ሳምንት ገደማ በውኃ፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ስጡ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል፤ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ፣ ካጣችሁ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ቀድማችሁ በጥብጡበት። ክትባቱን በውኃ ከመስጠታችሁ በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ከልክላችሁ አስጠሟቸው፤ የተበጠበጠውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ።

የዶሮ ታይፎይድ ይዟት የዳነችን ዶሮ ግን፣ ምንም ያህል ብትጥል፣ ከእናቶች መዝገብ ሰርዟት። በሽታውን በእንቁላሏ ለጫጩቶቿ ታስተላልፋለች። መድኃኒት ወስዳ ከሆነም ሐኪሙ የሚነግራችሁ ቀን ሳያልፍ አትታረድ።