የሐኮኔ ምስጢር ሳጥን ሲነክስ

ጥያቄ፦ ጎኖቹ በቅደም ተከተል ካልተንሸራተቱ የማይከፈተውን የጃፓን ሳጥን፣ ሂሚትሱባኮን፣ ሠርቼ ነበር። በበጋ በቀላሉ ይሄድ የነበረው ክዳን ክረምት ሲገባ አልንቀሳቀስ አለ። ምን ይሻላል? ጌጡስ እንዴት ይለጠፋል?

መልስ፦ ያስቸገረዎት እርጥበት ነው። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ያብጣል። በበጋ ልክክ ብሎ የገጠመ ምላስ፣ ማለትም የሚንሸራተተው ቀጭን ጠርዝ፣ በክረምት ቦዩን (ጠርዙ የሚገባበትን ጎድጓዳ መስመር) መንከሱ አይቀርም። ስለዚህ የምላሱም የቦዩም ጭረት (የእንጨቱ መስመር) በሚንሸራተቱበት አቅጣጫ ይሁን፤ በደረቅ ወራት ሲሠሩም ትንሽ ክፍተት ይተዉ። የተቆረጠውን እንጨት ከመግጠምዎ በፊት በሚሠሩበት ክፍል ቢያቆዩት ጥሩ ነው።

አሁን የነከሰውን በቢላዋ አይፈልቅቁት፤ ቀጭኑ ምላስ ይሰበራል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀናት ያቆዩትና ሲለቅ ያውጡት። የሚያብለጨልጨው ቦታ የሚፋተገው ነው፤ እሱን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽተው ደረቅ ሰም ይቀቡት። ዘይት አይጠቀሙ፤ አቧራ ይሰበስባል።

ጌጡ፣ ዮሴጊ፣ ቀለም አይደለም። በጃፓኗ ከተማ በሐኮኔ ያሉ ባለሙያዎች የተፈጥሮ ቀለማቸው የተለያየ እንጨቶችን በዘንግ ቆርጠው፣ በኮላ አጣብቀው ጉማጅ ይሠራሉ፤ ከዚያ ፊቱን በመላጊያ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው ይልጣሉ። ልጣጩ ስለሚጠቀለል በካውያ ተስተካክሎ ይለጠፋል። ኮላውን በስሱ ይቀቡ፤ ከጠርዝ ተርፎ ወደ መንሸራተቻው ከገባ ሳጥኑ ለዘለቄታው ይዘጋል።

ለጀማሪ በ4 እንቅስቃሴ የሚከፈተው ይበቃል። 10 እና 21 እንቅስቃሴ ያላቸው በኋላ ይደረስባቸዋል።