የተሰበረ የጎማ ብሎን፦ ከዋጋው በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔን ጣርማ በር አፋፍ ላይ ያቆመኝ ጉዳይ ነው። ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው፦ የቪትስሽ የኋላ ግራ ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ጋ ወሰድሽው፣ ልጁ መልሶ ሲያስር አንዱ ብሎን ተቆረጠ፣ ዳዶው (ብሎኑ ላይ ተጠምዝዞ የሚጠብቀው) ከነቁራጩ መፍቻው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስት ጋራዥ ዞረሽ አንዱ 1,200፣ ሁለተኛው 2,500፣ ሦስተኛው 9,000 ብር አሉሽ። ለአንድ ብሎን ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት እንደመጣ፣ ማንን ማመን እንዳለብሽ፣ እስከዚያው ደግሞ በቀሩት ሦስት ብሎኖች ጫጫ ሥራሽ ድረስ መመላለስ ትችዪ እንደሆነ ጠየቅሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር። አትመላለሺባት። ባለ 5 ብሎን መኪና ብትሆን ቀስ ብለሽ ጋራዥ ድረስ ሂጂ እልሽ ነበር። ያንቺ ቪትስ ግን ባለ 4 ናት፤ አንዱ ሲሄድ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። የቀሩት ሦስቱም በዚያው ልጅ፣ በዚያው ጉልበት የታሰሩ ናቸው። ጋራዡ እዚያው ከተማ ውስጥ ከሆነ ሦስቱን በእጅ መፍቻ ፈትሸሽ፣ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ሳታልፊ፣ ጉድጓድ እየሸሸሽ አድርሻት። ጫጫ ግን ለጥቂት ቀን በሚኒባስ ሂጂ።

ብዙ ሰው የጎማ ብሎን የመኪናውን ክብደት ተንጠልጥሎ የሚሸከም ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሥራው መጭመቅ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጣም በትንሹ ይሳባል፣ እንደ ተወጠረ ገመድ ሆኖ ቸርኬውን (ጎማው የለበሰበትን ብረት) ታምቡሩ (ከጀርባው ያለው የፍሬን ከበሮ) ላይ ያጣብቀዋል፤ ጎማውን የሚይዘው ያ መጣበቅ ነው። አንዱ ከላላ ወይም ከጠፋ ቸርኬው በየዙሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ የቀሩትን ብሎኖች ይቆለምማል። የቪትስ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሽቦ በእጅሽ ወዲያና ወዲህ ስታጥፊው እንዴት እንደሚበጠስ ታውቂያለሽ፤ ልክ እንደዚያ ነው።

የእኔ ኮሮላ ናት፣ የፊት ቀኝ ጎማ። እንዳንቺው ጎሚስታ ቤት አንድ ብሎን ተሰበረብኝና ርካሽ ዋጋ የጠራልኝ ጋራዥ ጋ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። የቀረውን ጉቶ በብረት መፍጫ ማሽን አስተካክሎ የሌላ ብሎን ቁራጭ በየደበት፣ ዳዶውን አሰረበት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ «ጨርሻለሁ» አለኝ። እኔም በዋጋው ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ነበረብን። እናቴ ከኋላ፣ ሁለት የእህቴ ልጆች አጠገቧ። ጉዶ በረትን እንዳለፍን በቀኝ በኩል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀመረ። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስቀንስ ይቀንሳል። ጎማው ላይ ጠጠር የተሰካ መሰለኝ፣ ነዳሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ይቆጨኛል፤ ያኔውኑ መቆም ነበረብኝ። ጣርማ በር፣ ጣሊያን የቀደደው ዋሻ አፍ አጠገብ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ወርጄ ጎንበስ ስል የተበየደው ብሎን ቦታው ላይ የለም። ቀዳዳው ባዶ ነው። በጎኑ ካለው ዳዶ ሥር ደግሞ የተፈጨ ቡና የመሰለ የዝገት ዱቄት ወጥቶ ቸርኬው ላይ እንደ ጨረር ተሠምሯል። ዳዶውን በጣቴ ነካሁት፤ ዞረ። ያለ መፍቻ፣ በሁለት ጣቴ። ሌላኛውም እንዲሁ። ደህና የያዘ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዋሻው ወዲያ እስከ ደብረ ሲና ያለውን ቁልቁለት የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ የፊት ጎማ ቢወጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ያንን የዝገት መሥመር አስታውሺው። ከዳዶ ሥር ቀይ ዱቄት ካየሽ ዳዶው ላልቷል፣ ቸርኬው እየተፋተገ ነው።

ደብረ ሲና የማውቀው ሰው ጋ ደወልኩ፤ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ላከልኝ። በስልክ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ብሎን እንደተሰበረ ሳይሆን መኪናዋ ባለ ስንት ብሎን እንደሆነች ነው። «አራቱንም ይዤ እመጣለሁ፣ አንድም ሜትር እንዳትነዳት» አሉኝ። በሚኒባስ መጡ፤ ክሪክ፣ ትልቅ መዶሻ፣ ጥቂት ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ዝርግ ክብ ብረት) እና አራት አዲስ ብሎን በከረጢት። ሥራቸውን አጠገባቸው ተቀምጬ ስላየሁት ነው ዋጋውን ልታመዛዝኚ የምትችዪበትን ነገር የምነግርሽ።

ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ፣ መኪናዋን አነሡ፣ ቸርኬውን አወጡ። የፍሬኑን መያዣ ፈትተው በሽቦ አንጠለጠሉት፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው እንዲንጠለጠል አልተዉትም፣ ቱቦው ውስጡ ይቀደዳልና። ዲስኩን አወረዱ። ከዚያ ሞዞውን፣ ማለት ብሎኖቹ የተተከሉበትን ብረት፣ በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ከኋላ ክፍት የሆነ ቦታ እየፈለጉ ነው። የተሰበረው ጉቶ ክፍቱ ቦታ ላይ ሲደርስ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መቱት፣ ወደ ኋላ ወጣ። አዲሱን በዚያው ክፍተት ከኋላ አስገቡ። ብሎኑ አንገቱ ላይ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ያ ጥርስ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ነክሶ ካልያዘ ዳዶ ስታጠብቂ አብሮ ይዞራል። በመዶሻ አላስገቡትም። ፊት ለፊት ሮንዴላ ደራርበው አሮጌ ዳዶ በጀርባው አሰሩና፣ ዳዶው ራሱ ብሎኑን እየሳበ አስገባው፣ የብሎኑ ራስ ከሞዞው ጀርባ ጋር እስኪገጥም ድረስ። ዕቃው ሲገባ ጥርሱ ሲነክስ ይሰማል። አራቱንም ቀይረው ዲስኩን መልሰው ለመጨረስ ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም። ሞዞው አልወረደም፣ ኩሽኔታው (ሞዞው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) አልተነካም።

የዋጋው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብር ከመጠየቅሽ በፊት «ሞዞው ይወርዳል ወይስ ሳይወርድ ይሠራል?» ብለሽ ጠይቂ። ሳይወርድ ከሆነ የግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ያንቺ የኋላው ነው፣ ታምቡር ያለው። የእጅ ፍሬኑን ለቅቀው ታምቡሩን ያወጣሉ፤ ተጣብቆ እንቢ ካለ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ፊሌቶ (የብሎን ጠመዝማዛ መሥመር) ያላቸው ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ብሎን አስገብተው እኩል ሲያጠብቁ ራሱ ይገፋል፤ በመዶሻ ጠርዙን መደብደብ አያስፈልግም። ከኋላ ቦታ ከጠበበ ሞዞው መውረድ አለበት፤ እንደ ቪትስና ኮሮላ ያሉት የኋላ ሞዞ ከነኩሽኔታው አንድ ሆኖ ከጀርባ በ4 ብሎን የታሰረ ስለሆነ ያም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልፍ አይደለም። በጣም ከባዱ የፊት ሆኖ ሞዞው ካልወረደ የማይሆንበት መኪና ነው፤ ኩሽኔታው በፕሬስ (በግፊት ማሽን) የገባ ስለሆነ ሞዞው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ አዲስ መግዛት ይመጣል። እዚያ ላይ ትልቅ ዋጋ ቢጠሩ እውነት አላቸው።

አሁን ሦስቱን ዋጋ በዚህ እይው። 1,200 ያለሽ ሰው «በየዳ አድርጌ» ብሎሻል ብለሽ ጽፈሻል። እሱ ጋ አትሂጂ፤ በነፃም ቢሆን። የጎማ ብሎን በእሳት ጠንክሮ የተሠራ ብረት ነው፣ በየዳ ያን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ አጠገቡ ያለውን የኩሽኔታ ግራሶና ጎሚኒም (የጎማ ማሸጊያውንም) ያቃጥላል። ቶርኖ ቤት ከተራ ብረት አስቀርጸን እንተክላለን የሚሉትም ያው ናቸው። ለአጥር በር ይሆናል እንጂ ለጎማ አይሆንም።

2,500 ያለሽ አዲስ ብሎን ለመትከል ከሆነ ትክክለኛውን ሥራ ነው የጠራልሽ። ዕቃው ስንት፣ የእጁ ስንት እንደሆነ ለይቶ እንዲነግርሽ አድርጊ። ለይቶ መናገር የማይፈልግ ሰው ጋ እኔ መኪና አልተውም። እንዲህም በዪው፦ «አራቱንም ብትቀይርልኝ የእጅህ ስንት ይሆናል?» ታምቡሩ አንዴ ከወረደ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ብሎን እያንዳንዳቸው የደቂቃዎች ሥራ ናቸው። የእጅ ዋጋውን በ4 የሚያባዛብሽ ከሆነ ሥራውን ሳይሆን አንቺን ነው የሚተምነው። ትንሽ ጨምሮ «እሺ» ካለ ግን ሰውየውን ያዢው።

አራቱንም ቀይሪ የምልሽ እንዲሁ አይደለም። ልጁ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ እንደቆመበት ጽፈሻል። የቪትስ ዳዶ የሚጠብቀው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 1 ሜትር ቱቦ ላይ ሲቆም ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። አንዱ ተቆረጠ፤ ሦስቱ ደግሞ ምናልባት ተስበው ቆመዋል። የተሳበ ብሎን ዳዶ በእጅሽ ስታስገቢ መሐል ላይ ይይዝሻል፣ ፊሌቶውም ከሌላው ቦታ ቀጥኖ ይታያል።

9,000ው ሞዞ ከነኩሽኔታው ልቀይር ማለቱ ነው። ውሸታም ነው አልልም፤ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ኩሽኔታው ራሱ ካለቀ፤ ጎማውን አንሥተው ላይና ታቹን ይዘው ሲወዘውዙት ከተነቃነቀ ወይም ሲያዞሩት ከጮኸ አልቋል። ሌላው የብሎኑ ቀዳዳ ከሰፋና አዲሱ ጥርስ መንከስ ካልቻለ ነው። ሁለቱንም በዓይንሽና በእጅሽ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ካሳየሽ ዋጋው ልክ ሊሆን ይችላል። «ዝም ብሎ ይሻላል» ካለሽ ተመለሺ።

ብሎኑን ራስሽ ብትገዢ ደስ ይለኛል። የተሰበረውን ከነቁራጩ ይዘሽ ሂጂ። ፊሌቶው 12 በ1.5 መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አንገቱ ላይ ያለው ጥርስ ውፍረት በካሊፐር ይለካ፣ ርዝመቱም ይተያይ። በጥቂት ነጥብ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ገብቶ ይዞራል፣ የወፈረው ሞዞውን ይሰነጥቃል። አሮጌ ዳዶዎችሽ ፊሌቷቸው ከተበላ እነሱንም ቀይሪ። ፊሌቶው ላይ ዘይትም ግራሶም እንዳያስቀቡሽ፤ በቅባት የሚዞር ዳዶ በዚያው ጉልበት ከልኩ በላይ ይስባል።

የእጅ ዋጋ ላይ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ጣርማ በር ላይ የመጡት ሰውዬ ለመንገዳቸው የተለየ፣ ለእጃቸው የተለየ፣ ለዕቃው የተለየ ጠርተው የተቆረጠውን ጉቶ እጄ ላይ አስቀመጡት። ድምሩ ከሩብ ሰዓቱ በየዳ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አልተከራከርኩም። እሳቸው ብርድ ላይ ተንበርክከው የሠሩት ለእናቴና ለልጆቹ ነው። ሥራውን የሚያብራራ፣ አሮጌ ዕቃ የሚመልስ መካኒክ ስታገኚ ለመጨረሻው መቶ ብር አትታገዪው።

በነገራችን ላይ አይሱዙ የምትነዱ እህል ጫኞች፣ በብዙዎቹ የቆዩ አይሱዙዎች በግራ በኩል ያለው ጎማ ፊሌቶው ግራ ዞር ነው፤ ብሎኑ ጫፍ ላይ ኤል የሚለው ፊደል ተመትቶበታል። የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ብሎን የሚቆርጥ ረዳት በዓይኔ አይቻለሁ። ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።

ተሠርታ ስትወጪ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ፣ አንዱን ካሰሩ በኋላ ተቃራኒውን እየያዙ ይጠብቁ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ነክቶ ይሁን። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) ያለው ጋራዥ ካገኘሽ 103 ላይ አስተካክለው ይሰሩት። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተሽ፣ ደጅሽ ላይ ራስሽ በእጅ መፍቻ ሁሉንም አንድ በአንድ ፈትሺ። አዲስ ብሎን ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል።

እስከዚያ የተሰበረውን ጫፍ በቅርብ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ፊቱ ሁሉ ሸካራና ግራጫ ከሆነ በዚያ ቱቦ የተቆረጠ ነው። ከፊሉ ልሙጥ ሆኖ የውኃ ዳር የመሰሉ መሥመሮች ካሉበት፣ ከፊሉ ብቻ ሸካራ ከሆነ ግን ከዚያ ቀን በፊት ጀምሮ ሲሰነጠቅ ቆይቷል፤ ያኔ የሌሎቹን ሦስት ጎማዎችም ማስከፈት ይኖርብሻል።