ማታ አንድ የነበሩት ክሮች ጠዋት ለምን ተለያዩ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የ31 ዓመት ሰው ስሆን የምኖረው በጎንደር ከተማ ነው፤ ሥራዬም የሐበሻ ልብስ ጥልፍ ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ሙሽራ ቀሚስ ማታ በሱቅ መብራት አንድ ዓይነት ናቸው ብዬ የገዛኋቸው ሁለት ጥቅል አረንጓዴ ክሮች፣ ጠዋት ደጅ ሳወጣቸው ተለያዩብኝ። ከዚያ በፊትም ባለቤቴ ቡናማውን ክር ከአረንጓዴው ጋር ታሳስታለህ ትለኝ ነበር። እናቴ ደግሞ አባቷ እንዲሁ እንደነበሩ ነግራኛለች። ስለ ቀለም ሳነብ «ዓይነት፣ ሙሌት፣ ብሩህነት» የሚሉ ቃላት አገኘሁ፤ ግን አልተለዩልኝም። ዓይኔ ታሟል ማለት ነው?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀዋል። የክሮቹ ማታ መመሳሰልና ጠዋት መለያየት ፍጹም ጤነኛ ዓይን ያለውንም ሰው የሚገጥመው ነው፤ ቡናማና አረንጓዴን ማሳሳትዎ ግን፣ በተለይ ከእናትዎ ቃል ጋር ሲታይ፣ መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው። ሁለቱን ለመለየት እነዚያ ያነበቧቸው ቃላት የግድ ያስፈልጉናልና ከእነሱ ልጀምር።

የቀለም ዓይነት የሚባለው ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያልን በስሙ የምንጠራው ነው። ሙሌት ቀለሙ ከግራጫ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል፤ አዲስ ጨርቅና ለዓመታት ፀሐይ የመታው ጨርቅ ሁለቱም አረንጓዴ ሲሆኑ የአሮጌው ሙሌት ቀንሷል። ብሩህነት ደግሞ ከጥቁር እስከ ነጭ በሚዘልቀው መሰላል ላይ ቀለሙ የቆመበት ደረጃ ነው፤ የጥድ ቅጠልና ገና የበቀለ ሣር የሚለያዩት በአብዛኛው በዚህ ነው። እኛ በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ደማቅ» የምትለውን አንዲት ቃል ለብዙ ነገር ስለምንጠቀምባት፣ አንዱ «ደመቅ ያለ አረንጓዴ» ሲል ጠቆር ያለውን፣ ሌላው ሙሌቱ የበዛውን፣ ሦስተኛው ፈካ ያለውን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጥልፍ ሠሪና በደንበኛ መካከል የሚነሳ ብዙ አለመግባባት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። እኔም በሽተኛ «ቀለም ደበዘዘብኝ» ሲለኝ ከሦስቱ የትኛው እንደተለወጠበት ሳልጠይቅ አላልፍም፤ መልሱ ወደተለያየ ሕመም ይመራልና።

በዓይናችን ጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ሮድ የሚባሉት 120 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ በደብዛዛ ብርሃን ይሠራሉ እንጂ ቀለም አይለዩም፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ሲጨልም ቅርጻቸው እየታየ ቀለማቸው የሚጠፋብን ለዚህ ነው። ቀለምን የሚለዩት ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም በሦስት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወደ 420፣ ሁለተኛው ወደ 530፣ ሦስተኛው ወደ 560 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ለሚጠጋ የብርሃን ሞገድ ይበልጥ ይነቃሉ። አንጎላችን ቀለምን የሚያውቀው የሦስቱን መልስ እርስ በርስ በማነጻጸር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ፍጹም የተለያዩ የብርሃን ድብልቆች ከሦስቱ ኮኖች ተመሳሳይ መልስ ካገኙ ለእኛ አንድ ቀለም ናቸው። በስልክዎ ላይ የሚያዩት ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ድምር ነው፤ የስልኩ መስታወት ላይ ትንሽ የውኃ ጠብታ ቢያሳርፉ ነጠብጣቦቹን ለየብቻ ሊያዩዋቸው ይችላሉ።

የክሮችዎም ነገር ይኸው ነው። ሁለቱ ክሮች በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ቢሆኑ፣ በሱቁ መብራት ሥር ወደ ዓይን የሚልኩት ብርሃን ለኮኖቹ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የሱቅ አምፖል ሞገዶችን የያዘበት መጠን ግን ከፀሐይ ስለሚለይ፣ ደጅ ሲወጡ ተመሳሳይነቱ ይፈርሳል። አንጎላችን የመብራትን ለውጥ የማረም ትልቅ ችሎታ አለው፤ ነጭ ጋቢ በኩራዝም በፀሐይም ነጭ ሆኖ የሚታየን በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ችሎታ ግን የሁለት ማቅለሚያዎችን ልዩነት አይሸፍንም። ስለዚህ በዚያች ሌሊት የተታለሉት በመብራቱ ነው።

ቡናማውና አረንጓዴው ግን ሌላ ነው። ቡናማ በመሠረቱ ብሩህነቱ የቀነሰ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ነው። ብሩህነታቸው እኩል የሆነ ቡናማና አረንጓዴ የሚለያዩት በአብዛኛው 530ው እና 560ው ኮኖች በሚሰጡት መልስ ልዩነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከሌለ ወይም ባሕርዩ ከተለወጠ ሰውየው የሚተማመነው በብሩህነት ላይ ይሆናል። እርስዎም ብዙ ጊዜ ሳይሳሳቱ የሠሩት በዚህ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሁለት ኮኖች ጂኖች የሚገኙት ኤክስ ክሮሞሶም በሚባለው፣ ሴት ሁለት ወንድ ግን ከእናቱ የሚያገኘው አንድ ብቻ ባላቸው የዘር ተሸካሚ ላይ ነው። አያትዎ ይህ ችግር ከነበረባቸው ያንን ክሮሞሶም ለሴት ልጃቸው ለእናትዎ ሰጥተዋል፤ እናትዎ ሁለተኛ ጤነኛ ኤክስ ስላላት ቀለም ትለያለች፤ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጇ የማስተላለፏ ዕድል ግን 50 በመቶ ነው። እርስዎ ካለብዎ ሴት ልጆችዎ ሁሉ ይሸከሙታል፤ ወንዶቹ ግን ከእርስዎ አይወርሱትም። በአውሮፓውያን ዘንድ 8 በመቶ ያህል ወንዶች ላይ ይታያል፤ በአፍሪካ መጠኑ ያንሳል።

«የቀለም ዕውርነት» የሚለውን ስም አልወደውም፤ ሰውየው ቀለም ያያልና። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ዳልተን በ1794 እ.ኤ.አ. የራሱን ችግር ሲገልጽ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ስለሆነ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። በ1844 ሲሞት ዓይኑ ተከፍቶ ፈሳሹ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በ1995 ደግሞ ከተቀመጠው ዓይን የተወሰደ ዲኤንኤ ሲመረመር የጎደለው የመካከለኛው ሞገድ ኮን፣ ማለትም 530ው፣ እንደነበር ታወቀ።

በዘር የመጣው ችግር ሁለቱንም ዓይን እኩል ይነካል፤ ከልጅነት ጀምሮም አይለወጥም። ችግሩ አዲስ ከሆነ፣ በአንድ ዓይን ከበረታ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓይን ሞራ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ዓለም ቢጫማ ያደርግባቸዋል። ለቲቢ የሚሰጠው ኢታምቡቶልም የዓይን ነርቭን ሊጎዳና ቀይና አረንጓዴን ሊያደበላልቅ ይችላል፤ ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የቀለም ለውጥ ካየ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሚወስድበት ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ምርመራው ቀላል ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍልም ሊጠይቁ ይችላሉ። በ1917 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ያሳተማቸው ሰሌዳዎች በነጠብጣብ የተሠሩ ቁጥሮች አሏቸው፤ የነጠብጣቦቹ ብሩህነት ሆን ተብሎ የተዘበራረቀ ስለሆነ፣ እርስዎ የለመዱት በብሩህነት የመለየት ዘዴ እዚያ አያገለግልም። በዘር ለመጣው መድኃኒት የለውም፤ ባለቀለም መነጽሮችም የአንዳንድ ቀለሞችን ልዩነት ያጎላሉ እንጂ የሌለውን ኮን አይፈጥሩም። ሥራዎን ለመተው ግን ምንም ምክንያት አይታየኝም። ክር በቀን ብርሃን ይምረጡ፤ በጥቅሉ ላይ ያለውን የቀለም ቁጥር መዝግበው ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ ቡናማና አረንጓዴ ጥቅሎችን ባለቤትዎ ስማቸውን እንዲጽፉባቸው ያድርጉ። ለምርመራ ሲሄዱም ያሳሳቷቸውን ቡናማና አረንጓዴ ክሮች ይዘው ይሂዱና ለሐኪሙ ያሳዩ።