ጋዜጣ ላይ ተተቸሁ፣ አለቀልኝ ማለት ነው?

በዚህ እትም ስለ ሂስና ስለ ደራሲ ስም የመጡልንን አራት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልቦለዴ ከወጣ ሁለት ወሩ ነው፣ ሶስት አመት ለፍቼበታለሁ። በቅርቡ አንድ ጋዜጣ ግማሽ ገፅ የሚሆን ሂስ አወጣበት፣ ርዕሱ ራሱ "ገና ያልበሰለ" ይላል። ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ሂሱ ነው፣ መፅሀፉን ያላነበቡት ጭምር "ያልበሰለ ነው አሉ" ይሉኛል። ሁለተኛውን ጀምሬ ነበር፣ አሁን ግን ልፅፍ ስቀመጥ የሃያሲው ድምፅ ነው የሚሰማኝ። አንድ ሂስ የደራሲን ስም ሊቀብር ይችላል ወይ? (ጀማሪው ደራሲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት እና የያዘችኝ "ያልበሰለ ነው አሉ" የምትለዋ ናት። ሂሱን የፃፈው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ቢያንስ መፅሀፍህን ገልጧል። "አሉ" የሚሉት ግን ብዙ ናቸው እና አንዳቸውም አልገለጡትም። የደራሲ ስም ጋዜጣ ላይ እንዴት እንደሚሰራ ማወቅ ከፈለግክ ይቺን "አሉ" ተከተላት። ሃያሲው ስምንት መቶ ቃል ይፅፋል፣ ኤዲተሩ ከዛ ውስጥ አንዷን ቃል መዞ ርዕስ ያደርጋታል (ርዕስ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ፀሃፊው እንዳልሆነ ልብ በል)፣ ርዕሱን ያየ ለጓደኛው ይነግራል፣ ሌላ ጋዜጠኛ ስላንተ ለመፃፍ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ያንን ፅሁፍ ስለሆነ ከሱ ይቀዳል፣ በቃ ቃሏ ከስምህ ጋር ተጣበቀች።

ይቀብራል ወይ ላልከው ግን እስቲ የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የጆን ኪትስን ነገር ላውራህ። በ1818 (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) "ኤንዲሚየን" የሚል ረጅም ግጥም ሲያሳትም ገና 22 አመቱ ነበር። ኳርተርሊ ሪቪው የሚባለው የለንደን መፅሄት ስም ያልተፃፈበት ሂስ አወጣበት፣ ፀሃፊው ጆን ዊልሰን ክሮከር ነበር፣ እና እዛው ሂሱ ውስጥ ግጥሙ ካለው አራት ክፍል ያነበበው የመጀመሪያውን ብቻ እንደሆነ በራሱ አፍ ይናገራል! ሩብ አንብቦ ነው የፈረደው። ብላክውድስ የሚባለው የኤድንብራ መፅሄት ደግሞ ኪትስ የህክምና ትምህርት የቀመሰ ስለነበር ወደ ክኒንህና ወደ ቅባትህ ተመለስ አለው። ኪትስ በዛው አመት መገባደጃ ለወንድሙ በላከው ደብዳቤ ላይ፣ ከሞትኩ በኋላ ከእንግሊዝ ገጣሚዎች ተራ የምገባ ይመስለኛል ብሎ ፃፈ፣ ከዛ ዛሬ ስሙ የሚነሳባቸውን ትላልቅ ግጥሞች በቀጣዩ አመት በ1819 ፃፋቸው። በ1821 ሮም ላይ በ25 አመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ላንተ የሚጠቅመው። ገጣሚው ሼሊ ሙሾ አወረደለት እና የገደሉት ሃያሲዎች ናቸው አለ፣ ሌላው ገጣሚ ባይረንም አንድ የመፅሄት ፅሁፍ ነፍሱን እፍ ብሎ እንዳጠፋት አድርጎ ገጠመ። የገደለው በሽታ ነው፣ ታናሽ ወንድሙን ቶምንም በዛው በ1818 የወሰደው ያው በሽታ። ግን ወሬው ልብ የሚነካ ስለነበር ከእውነቱ በላይ ሄደ፣ እና ኪትስ ለብዙ ጊዜ አንድ ሂስ ያልቻለ ልፍስፍስ ልጅ ተደርጎ ኖረ። ያ ሁሉ ብርታት እያለው! የክሮከርን ሂስ ጊዜ አለፈው፣ ወዳጆቹ የለጠፉበትን ስም ግን ለማራገፍ ብዙ አመት ፈጀ። ስለዚ ጓደኞችህ "ተበድሏል ብለን እንፃፍለት" ካሉህ እባክህ አስቁማቸው።

ሌላም ልጨምርልህ። በ2010 ማርኬቲንግ ሳይንስ በሚባል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ኒውዮርክ ታይምስ ሂስ የሰራባቸውን መፅሀፍት ሽያጭ አይቶ ነበር፣ መጥፎ ሂስ የታወቁትን ደራሲዎች ሽያጭ 15 ፐርሰንት ገደማ ሲቀንስ ያልታወቁትን ግን 45 ፐርሰንት ገደማ ከፍ አድርጎላቸዋል። ሰው ነቀፌታውን እየረሳ ስሙን ነው የሚያስታውሰው። አንተ ደግሞ ገና ያልታወቅክ ነህ።

እና አሁን ጋዜጣውን አውጣውና እስኪርቢቶ ይዘህ ተቀመጥ። ገፅ ወይ ገፀ ባህሪ ወይ አንድ የተወሰነ ትእይንት ጠቅሶ የተናገረውን አስምርበት፣ "ያልበሰለ" "ደካማ" እያለ ማስረጃ ሳይሰጥ የሄደበትን ዝለለው። የተሰመረበት ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንም ሁለተኛው መፅሀፍህ ላይ የሚያስፈልግህ እነዛ ናቸው፣ ቀሪው ለጋዜጣ አንባቢ የተፃፈ ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ ታላቅ የሚባሉ ስራዎች ያኔ ሲወጡ ጋዜጦች ንቀዋቸው ነበር ሲባል እሰማለሁ። ማንበብ ስራው የሆነ ሰው ፊቱ ያለውን ታላቅ ስራ እንዴት አያየውም? ደግሞስ የወደቀን መፅሀፍ ማነው የሚያነሳው? (የስነፅሁፍ ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። እኔ የአንድ ጋዜጣ የመፅሀፍ ገፅ በምሰራበት ሰሞን ሐሙስ ማታ ሶስት መቶ ምናምን ገፅ ተሰጥቶኝ ቅዳሜ ጠዋት ፅሁፉን አስረክቤ አውቃለሁ። መሀሉን እየዘለልኩ ነው የጨረስኩት። ከአመት በኋላ ያንኑ መፅሀፍ ቁጭ ብዬ ሳነበው የዘለልኩት መሀሉ ላይ ያለ አንድ የእናትና የልጅ ንግግር ሙሉውን ታሪክ ተሸክሞት አገኘሁት፣ እኔ ግን "መሀሉ ይላላል" ብዬ ፅፌያለሁ። ደራሲዋን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ የታተመው ግን እንደታተመ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሃያሲው እጅ የገባው ነገር ራሱ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካዊው ደራሲ የሄርማን ሜልቪል "ሞቢ ዲክ" በ1851 መጀመሪያ የታተመው ለንደን ነው በሶስት ቅፅ፣ እና በዛ እትም ላይ የመጨረሻዋ አጭር ምእራፍ ቀርታለች። ያቺ ምእራፍ መርከቡ ሰጥሞ ሁሉም ሲያልቅ ተራኪው ብቻ በአንድ የሬሳ ሳጥን ላይ ተንሳፍፎ እንደተረፈ የምትናገረዋ ናት! እና አንዳንድ የለንደን ሃያሲዎች "ሁሉም ከሞተ ማነው ታሪኩን የነገረን?" ብለው ደራሲውን ስራውን እንደማያውቅ ሰው አብጠለጠሉት። ከነሱ አንፃር ጥያቄው ትክክል ነበር። ችግሩ የለንደን ፍርድ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ነው፣ እዛ የታተመው መፅሀፍ ምእራፏን ይዟል፣ ግን አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጦች መፅሀፉን ከመመዘን ይልቅ ከለንደን የመጣውን ቃል ተቀበሉ። ሜልቪል ከዛ በኋላ ኒውዮርክ ጉምሩክ ተቀጥሮ 19 አመት ሰራ፣ በ1891 ሲሞት አብዛኛው አንባቢ ረስቶት ነበር። እንደገና የተነሳው ከተወለደ መቶ አመቱ በሞላበት በ1919 አካባቢ ነው፣ በ1921 የህይወት ታሪኩ በመፅሀፍ ወጣ። እሱ ግን ይሄን አላየም፣ እኔን ሁሌ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ማነው የሚያነሳው ላልሽው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ እምቢ ያለ አንባቢ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተን በ1937 ትልቁን ልቦለዷን ስታሳትም፣ ሪቻርድ ራይት ኒው ማስስ በሚባል መፅሄት ላይ ጭብጥም መልእክትም የለውም ብሎ ፃፈ። ራይት እንዲሁ ሰው አልነበረም፣ ራሱ ታላቅ ፀሃፊ ነው፣ ልቦለድ ትግል ላይ መዋል አለበት ብሎ ከልቡ የሚያምን፣ ስለዚ በሱ ሚዛን የአንዲት ሴት የፍቅርና የነፃነት ጉዞ ቀለለበት። በኔ እምነት ተሳስቷል። ዞራ በ1960 ፍሎሪዳ ፎርት ፒርስ ውስጥ በድህነት ሞታ ድንጋይ በሌለው መቃብር ተቀበረች፣ መፅሀፎቿም ከገበያ ጠፍተው ነበር።

በ1973 አሊስ ዎከር የምትባለው ፀሃፊ መቃብሯን ልትፈልግ ሄደች። ቦታው በአረም ተውጦ ወገብ ይደርሳል፣ እባብ ይኖራል ብላ እየፈራች መሀል ድረስ ገባች፣ ሲጠፋባት ጊዜ "ዞራ!" እያለች ጮክ ብላ ተጣራች፣ እግሯ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ሲገባ እዚህ ነው አለች እና በራሷ ገንዘብ ድንጋይ አሰራችላት። ጉዞውን በ1975 ሚዝ በተባለው መፅሄት ላይ ፃፈችው፣ ከዛ መፅሀፉ ዳግም ታተመ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ማለት አንድ የመፅሄት ፅሁፍ ያጠፋውን ሌላ የመፅሄት ፅሁፍ መለሰው፣ በመሀሉ ግን 38 አመት አለፈ። ድንጋዩ ላይ የተወለደችው በ1901 ነው ይላል፣ ትክክሉ 1891 ነው፣ ዞራ ራሷ እድሜዋን ቀንሳ ትናገር ስለነበር። አንቺ ጥናትሽን ስትሰሪ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ስለ አንድ ደራሲ የተባለውን ከመጥቀስሽ በፊት መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነና መቼ እንዳለው ወደ ኋላ ሄደሽ ፈልጊ።

ጥያቄ፦ አንድን ደራሲ የውጪ ጋዜጣ ሲያሞግሰው የገዛ ሀገሩ ሰው ሲነቅፈው አያለሁ፣ የማንን እንመን? (የዘወትር አንባቢ)

መልስ፦ ሁለቱንም አትመኗቸው ባልል ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚያዩት ነገር አለ። የናይጄሪያው አሞስ ቱቱኦላ በ1952 የመጀመሪያ መፅሀፉን ለንደን ሲያሳትም ገጣሚው ዲላን ቶማስ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ በአድናቆት ፃፈለት እና በአንድ ጊዜ ስሙ ወጣ። የተማሩ ናይጄሪያውያን ግን እንግሊዝኛው ሰባራ ነው፣ ነጮቹ የወደዱት ኋላ ቀር ስላስመሰለን ነው ብለው ተቆጡ። ለንደን ያየው ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ነው፣ ያ ድምፅ ከዮሩባ ተረት የቱን እንደወሰደና የቱን ራሱ እንደፈጠረ ግን የሚለየው ተረቱን ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። የተቆጡት ይሄን መለየት ይችሉ ነበር፣ ሀፍረቱ ቀደማቸው። ኋላ ቺኑዋ አቼቤ ስራውን ከቁምነገር ቆጥሮ በሰፊው ሲተነትነው ነው በገዛ ሀገሩ ሚዛኑ እየተስተካከለ የመጣው። ስለዚ ሂስ ስታነቡ ሃያሲው የቆመበትን ቦታ እዩለት፣ የሚያውቀው ምኑን ነው፣ የሚያፍረው በምኑ ነው።

ጥያቄ፦ የቅርብ ጓደኛዬ መፅሀፍ አሳትሞ ጋዜጣ ላይ አሞግሰህ ፃፍልኝ እያለ ይለምነኛል። ጥሩ መፅሀፍ ነው፣ ግን ጨነቀኝ። (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ መጨነቅህ ደግ ነው። አሜሪካዊው ዋልት ዊትማን በ1855 የግጥም መድበሉን ሲያሳትም ስሙን ሳይገልፅ የራሱን መፅሀፍ ራሱ እያሞገሰ ጋዜጣ ላይ ፅፏል፣ በቀጣዩ አመት ደግሞ ታዋቂው ፀሃፊ ኤመርሰን በግል ደብዳቤ የላከለትን የአድናቆት ቃል ሳያስፈቅደው በመፅሀፉ ጀርባ ላይ በወርቅ ቀለም አተመው። ግጥሙ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም ነበር እኮ፣ ያለዚህም ትልቅ ነው። ያኔ ስም ሳይፅፉ መተቸት የተለመደ ነበር፣ ታይምስ ሊተራሪ ሰፕልመንት የሚባለው የለንደን የመፅሀፍ ሂስ መፅሄት እንኳን እስከ 1974 ድረስ የሃያሲዎቹን ስም አያወጣም ነበር፣ ስለዚ ወዳጅም ጠላትም መደበቂያ ነበረው።

አንተ ግን ስምህ ይወጣል። ፃፍለት፣ የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ላይ "ደራሲው የቅርብ ጓደኛዬ ነው" በል፣ ከዛ የወደድከውን ከነገፁ ጥቀስ፣ ያልወደድከውንም አንዱን ፃፍ። ኤዲተሩ ያቺን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ላውጣት ካለህ ፅሁፉን መልሰህ ውሰድ። ለጓደኛህ ደግሞ ጋዜጣው ላይ ከማየቱ በፊት ራስህ አንብብለት፣ ያልወደድከው ቦታ ጋ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ።