ሸክላና ካሴት ለምትሰበስቡ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የ60ዎቹን ዘፈኖች በሙሉ አልበም ሸክላ እየፈለግኩ ነው፤ የማገኘው ግን ትንንሹን ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙዎቹ በሙሉ አልበም አልወጡም። በዚያ ዘመን በብዛት የታተመው ባለ 45 ዙሩ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው) ትንሹ ሸክላ ነው፤ ፊትና ጀርባው አንድ አንድ ዘፈን። ስለዚህ ከስብስቦች ጀምር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ስብስብ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ወጥቷል፦ 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ፣ 7ኛው የማሕሙድ አሕመድ፣ 14ኛው የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ ነው። ጆሮህ የያዘውን ዘፈን ምረጥና አብሮት ካለው ጽሑፍ ላይ አሳታሚውን መዝግብ፤ አምሃ ነው፣ ካይፋ ወይስ ፊሊፕስ? ዋናውን ሸክላ የምታድነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ዲስኮግስ (የሸክላና የካሴት ዝርዝርና መገበያያ ድረ ገጽ) ላይ ስፈልግ የዘፋኙ ስም አይመጣልኝም።

መልስ፦ ስሞቻችን በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። «ጥላሁን» ብቻውን በሦስትና በአራት መንገድ ተጽፎ ይገኛል። በአሳታሚው ስም ግቢና ዝርዝሩን አንድ በአንድ እይው፤ ወይም ሸክላው መሃል ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊ። በዓመተ ምሕረቱም አትመኪ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመዘግብ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ንጹሕ ነው» ሲለኝ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ከልባሱ አውጥተህ በአንድ አምፖል ሥር በአግድም ያዘው። ጭረት ካየህ ጥፍርህን በቀስታ አሳልፍበት፤ ካልተሰማህ ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ከማለት አያልፍም፣ ከተሰማህ ግን መርፌው ሊዘል ይችላል። ከጭረት የሚከፋው ግን ግራጫ የመሰለ ሸክላ ነው። ከባድ ወይም ያረጀ መርፌ መስመሩን በልቶታል ማለት ነው፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ከፍ ሲል ድምፁ ይሻክራል፣ እጥበትም አይመልሰው። እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን ተወው። መጣመሙን ለማወቅ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኛው። መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነም ማጫወቻህ ላይ የሚገባውን ክብ ማስገቢያ አብረህ ግዛ።

ጥያቄ፦ በአልኮል ልጠበው?

መልስ፦ መጀመሪያ ዓይነቱን ለይ። ባለ 78 ዙሩ የድሮ ሸክላ በአልኮል ይሟሟል፤ ፈጽሞ አታስነካው። ለኋለኛው የፕላስቲክ ሸክላ የተጣራ ውሃና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። የመሃሉ ወረቀት እንዳይርስ ጠብቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን ዙር ተከትለህ ጥረግ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቅና አቁመህ አድርቅ።

ጥያቄ፦ የድሮ ካሴት ገዛሁ፤ ቴፑ ክሩን ይበላብኛል፣ ድምፁም ታፍኗል።

መልስ፦ ክር የሚበላው ብዙ ጊዜ የቴፑ ጎማ ሲቆሽሽ ወይም ካሴቱ ለዓመታት ሳይዞር ተጣብቆ ሲቆይ ነው። ጎማውንና ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ራስ (ሄድ) በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። ካሴቱን ከማጫወትሽ በፊት በእርሳስ እስከ መጨረሻው አዙሪና መልሺው። ድምፁ ከታፈነ ከክሩ ኋላ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እይ፤ ሙጫው ደርቆ ወድቃ ይሆናል። በብሎን የታሰረ ካሴት ከሆነ ፈትተሽ ከሌላ ባዶ ካሴት ላይ መተካት ይቻላል። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ ግን ደህናው ቴፕሽ ውስጥ አታስገቢው፤ ወደ ሌሎቹ ካሴቶችሽ ይዛመታል። ከካሴቱ ላይኛ ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶችም ሰብረሽ አውጪ፤ ሳይታወቅ ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት።