አፋንታሲያ፦ ዓይን ሲጨፈን ሥዕል የማይመጣለት ሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ዓይኔን ጨፍኜ የእናቴን ፊት ላስታውስ ስል ጥቁር ብቻ ነው። አፋንታሲያ የሚል የእንግሊዝኛ ቃል አገኘሁ። ትርጉሙ ምንድን ነው? በሽታ ነው ወይ? ስለ ራሴ ስናገርስ እንዴት ልበል?» ብለሻል። እኔም እንዳንቺው ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አፋንታሲያ ማለት ፊት ለፊት የሌለን ነገር በሐሳብ ብቻ በሥዕል ማየት አለመቻል ነው። ዓይን ጤነኛ ነው፤ ማስታወስም አለ። ብርቱካን ሲባል ቀለሙንም፣ ቅርጹንም፣ ጣዕሙንም ታውቂያለሽ። የማይመጣው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ቃሉ ገና አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ናቸው። «ፋንታሲያ» አርስቶትል ለዚህ የማሰብ ኃይል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ነው፤ ፊቱ ላይ የገባው «አ» ደግሞ «የሌለ» የሚል ማፍረሻ ነው። ዜማን ከዚያ በፊት፣ በ2010፣ የልብ ደም ሥር ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በሐሳቡ ሥዕል ማየት ስላቆመ አንድ ጡረተኛ ጽፎ ነበር። ወሬው በሳይንስ መጽሔት ሲወጣ «እኔ እኮ ስወለድም እንዲህ ነኝ» የሚሉ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ከእነሱ 21ዱ ናቸው ቃሉ የወጣበት ጥናት ላይ የተካተቱት። ስም አልነበረውም እንጂ ነገሩ ጥንትም ይታወቅ ነበር። በ1880 ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ ሰዎችን ጠዋት የበላችሁበትን ገበታ አስቡት፣ ምን ይታያችኋል ብሎ ጠይቆ፣ ከሳይንስ ሰዎቹ ብዙዎቹ ምንም አይታየንም ብለውት ነበር።

ታዲያ እንዴት ይህን ያህል ዕድሜ ሳናውቀው ኖርን? እኔ የምለው አነጋገራችን ይሸፍነዋል ነው። «ፊቷ ድቅን አለብኝ» እንላለን። «ዓይኔ ላይ ውል ይልብኛል» እንላለን። በስቅለት ሰባኪው «በዓይነ ሕሊናችሁ ጎልጎታን ተመልከቱ» ሲል እኔ ነገሩን አሰላስሉ ማለቱ ይመስለኝ ነበር። ሰው በእውነት የሆነ ነገር ይታየዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ታላቅ እህቴን ስጠይቃት ነው የገባኝ። እናታችን አርፋለች። እህቴ ስሟ ሲነሳ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ፣ አረንጓዴው ጥለት ትከሻዋ ላይ ወርዶ እንደሚታያት ነገረችኝ። እኔም ጥለቱ አረንጓዴ እንደነበረ አውቃለሁ። ነጠላውን ማጣፋቷንም፣ በሩ ላይ የምትቆምበትን ጎንም አውቃለሁ። ግን አውቀዋለሁ እንጂ አላየውም። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ እና የእናትሽ ፊት ስላልመጣልሽ ፍቅርሽ የሚያንስ እንዳይመስልሽ። የእኔ እናት ለእኔ የምትመጣው በድምጿና በቃላቷ ነው፤ ናፍቆቱ ግን ከእህቴ አያንስም።

ይህ ሰው ስለ ራሱ የሚያወራው ወሬ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የሚያበራ ነገር ሲያስብ፣ ብርሃኑ በእውነት የመጣ ይመስል የዓይኑ ብሌን ይጠባል። በ2022 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አፋንታሲያ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህን አላገኘም። እውነተኛ ብርሃን ሲያዩ ግን ብሌናቸው እንደማንኛውም ሰው ይጠባል።

አሁን አጠቃቀሙ ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲጠሩት ወደ «ኤይፋንቴዥያ» ይጠጋል። «አይ ሃቭ ኤይፋንቴዥያ» ማለት ትችያለሽ። ሰውየው «አፋንታሲክ» ይባላል፤ እርስ በርስ ሲያወሩ ደግሞ «አፋንት» ብለው ያሳጥሩታል። በተቃራኒው እንደ ፊልም ቁልጭ ብሎ ለሚታየው ሰው «ሃይፐርፋንታሲያ» አለ። ከአፌዥያ ጋር እንዳታምታቺው። አፌዥያ በስትሮክ ወይም በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የመናገርና ቋንቋ የመረዳት ችግር ነው። የሰው ፊት መለየት ካለመቻልም ይለያል። አንቺ እናትሽን መንገድ ላይ ብታገኚያት ወዲያው ታውቂያታለሽ አይደል?

በአማርኛ ስታስረጂ ደግሞ «ምናብ የለኝም» አትበይ። በጣም የምጠላው አባባል ነው። ምናባችን የትም አልሄደም። የፒክሳር መሥራች ከሆኑት አንዱ ኤድ ካትመል፣ ዕድሜውን በሙሉ በካርቱን ፊልም ውስጥ የኖረ ሰው፣ ይኸው ነገር እንዳለበት ተናግሯል። እኔ ራሴ የምተዳደረው በእንጨት ሥራ ነው። ደንበኛ መጥቶ የሚፈልገውን ቁም ሳጥን ሲነግረኝ በሐሳቤ አንድም ሥዕል አይመጣም። ሜትሬን ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ፣ እለካለሁ፣ ወረቀት ላይ አወጣዋለሁ። ነገር ግን ገና ሳልስለው በሩ በግራ ከተከፈተ አልጋውን እንደሚገጭ አውቃለሁ። ቦታና መጠን የማወቅ ችሎታ ሌላ ነው፣ ሥዕል ማየት ሌላ። በ2021 የወጣ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። ሰዎች የአንድ ክፍል ፎቶ አይተው ከትውስታቸው እንዲስሉ ተደረገ። አፋንታሲያ ያለባቸው የሳሉት ዕቃ ጥቂት ነበር፤ የሳሉትን ግን ቦታውንና መጠኑን አልሳቱም፣ ያልነበረ ዕቃ መጨመርም ብዙም አልታየባቸውም። ስለዚህ «በሐሳቤ ሥዕል አይታየኝም» በይ፤ ሰው ይገባዋል።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሲወለዱ ጀምሮ ያለ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው። ጭራሽ ምንም የማይታያቸው ከመቶ አንድ ያህል ሰዎች ናቸው፤ ደብዘዝ ብሎ የሚታያቸው ሲጨመሩ ወደ አራት ይደርሳሉ። ብዙዎቻችን በሕልማችን ሥዕል እናያለን። እኔም አያለሁ። መድኃኒቱን እናውቃለን የሚሉ ቪዲዮዎች ይመጡብሻል፤ ገንዘብሽን እንዳትሰጪ። በፊት ይታይሽ የነበረ ሥዕል ከጭንቅላት ጉዳት፣ ከሕክምና ወይም ከከባድ ሕመም በኋላ ድንገት ከጠፋ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ራስሽን ማየት ከፈለግሽ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ማርክስ በ1973 ያዘጋጀው መጠይቅ አለ። አሥራ ስድስት ጥያቄ ነው። ስለምታውቂው ሰው ፊትና አረማመድ፣ ስለ ፀሐይ መውጣት፣ ስለምታዘወትሪው ሱቅ ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ትሰጪያለሽ። ዛሬ በሚዘወተረው አሰጣጥ 1 ምንም አይታየኝም፣ 5 ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል ማለት ነው። ብቻሽን አትሙዪው፤ ከቤተሰብ ጋር አድርጊው። እኛ ቤት ታናሽ ወንድማችን ሁሉንም 5 ሞላ፣ እኔ ሁሉንም 1። እናትሽ በሕይወት ካሉ ደግሞ ፎቶ ብቻ ሳይሆን ድምፃቸውንም ቅጂ። ቡና ሲያፈሉ፣ ሲያወሩ፣ ሲመርቁሽ።