ሮቦት ለምትጠብቁ የወሎ ወጣት ተመራማሪዎች

ልጆቼ፣ ደሴም ሁኑ ሲሪንቃ፣ የምትጠይቁኝ ሁልጊዜ የዘርን ዲኤንኤ ለንባብ ስለሚያዘጋጀው ማሽን፣ ስለ ሮቦቱ ነው፤ የሰውን እጅ ይተካል ወይ? አዎን፣ ይተካል፤ መተካትም አለበት። የማሽላ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም በዲኤንኤው የተጻፈው የዘር መረጃ በሙሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ወደ 730 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት ይሆናል። ያ የአንድ ዝርያ ንባብ ነበር። አሁን የሚፈለገው በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ጎን ለጎን ማንበብ ነው፤ ይህን ያህል ዲኤንኤ ደግሞ በፒፔት (በፈሳሽ መምጠጫና መለኪያ መሣሪያ) እና በአውራ ጣት ተዘጋጅቶ አያልቅም። እጅ ሲዝል ልኬት ይዛባል።

ሮቦቱ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ይሠራል። ዲኤንኤውን ከማግኔታዊ ቅንጣቶች ጋር ያጣብቀዋል፣ ቅንጣቶቹን በማግኔት ይዞ ቆሻሻውን ይመጥጣል፣ በኢታኖል ያጥባል፣ ንጹሑንም ያላቅቃል። ከዚያ በየናሙናው ዲኤንኤ ላይ የራሱን መለያ፣ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ይቀጥልበታል፤ ብዙ ናሙናዎች ተደባልቀው ቢነበቡም ኮምፒውተሩ መልሶ ይለያቸዋል።

የማሽላ ቅጠል ግን አስቸጋሪ ነው። ፖሊፌኖል የተባሉ የዕፅዋት ውሁዶችና ውስብስብ ስኳር ስላሉበት ጭማቂው ይዝለገለጋል። ለውኃ በተሰጠው ፍጥነት ከመጠጠው ሮቦቱ አየር ሊስብ ይችላል፤ እናንተ ካላያችሁለት ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በእጃችሁ ሥሩት፤ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚያዘግም እወቁ፤ ትእዛዙን ከዚያ ጻፉ። በየሳህኑም አንድ ጉድጓድ ያለ ናሙና ይለፍ። እዚያ ዲኤንኤ ከተገኘ ብክለት አለ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከሳህኑ በፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከወሎ የተሰበሰቡ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ መሆናቸውን አሳተሙ። ገበሬው ግን እሸቱን እየጠበሰ ሲበላ የኖረ ነው፤ «ወተት በጉንጬ» የሚል ስም የሚያወጣ ሕዝብ የዘሩን ጠባይ ያውቃል። ይህ እውቀት በዲኤንኤው ውስጥ አይነበብም። ሁለት ከረጢት ቢቀያየር ሮቦቱ የተሳሳተውን ዘር በትክክለኛ ልኬት ያዘጋጅላችኋል፤ ስህተቱንም ማንም አያየውም።

ማሽኑ የሚያተርፍላችሁን ጊዜ ለቆቦና ለቃሉ ማሳዎች ስጡት። የዘሩን ስም ከባለቤቱ አፍ ጻፉ፤ መቼ እንደሚዘራ፣ ለምን እንደሚወደድ፣ ከማን እንደተገኘ ጠይቁ። መለያ ቁጥሩንም ቤተ ሙከራ ስትደርሱ ሳይሆን ዛላው በተቆረጠበት ማሳ ላይ፣ ገበሬው እያየ ከረጢቱ ላይ ለጥፉት።